ግራፊን ኦክሳይድ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ለምን ይጓጉላል? ኮንዳክቲቪቲ የማይነግረን ነገር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ግራፊን ኦክሳይድ፣ ማለትም ኦክስጅን የተያያዘባቸው እጅግ ስስ የካርቦን ቅጠሎች፣ አዮኑ በወጣለት ንጹህ ውሃ በትነው አስቀመጡ። ሦስት ወር ሙሉ ቢጫ ቡናማ ሆኖ፣ ጥርት እንዳለ ቆየ። ያንኑ በቧንቧ ውሃ ሲያቀጥኑት ግን ሰዓት ሳይሞላ ጓጉሎ ዘቀጠ። "ጨው ይሆናል ብዬ በንጹህ ውሃ ላይ የገበታ ጨው ጨመርኩ። ኮንዳክቲቪቲውን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙን፣ ልክ እንደ ቧንቧው 500 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር አደረስኩት። ምንም አልሆነም። ፒኤቹም ብዙ አይራራቅም፤ ንጹሁ 6.5፣ የቧንቧው 7.2 ነው። የቧንቧው ውሃ የምርመራ ወረቀት ካልሲየም 60፣ ማግኒዥየም 15 ሚሊግራም በሊትር ይላል። ምን አምልጦኝ ነው? ሶኒኬተር ላይ ረዘም ላድርገው?" ይላሉ።

ሶኒኬተሩን፣ በድምፅ ሞገድ ቅንጣት የሚበትነውን መሣሪያ፣ ለጊዜው ይተዉት። ችግሩ እዚያ አይደለም። በገበታ ጨው ያደረጉት ሙከራ ግን በጣም ጥሩ ሙከራ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያደርገው ያልፋል። ኮንዳክቲቪቲ ውሃው ውስጥ ምን ያህል አዮን እንዳለ በግርድፉ ይናገራል። የትኛው አዮን እንደሆነ ግን አይናገርም። ለግራፊን ኦክሳይድ ደግሞ ዋናው ነገር "የትኛው" የሚለው ነው። እርስዎ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተጠርጣሪው ካልሲየም ነው። ማግኒዥየምም ያግዘዋል።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ውሃ ውስጥ ያለ የካርቦን ቅንጣት ሁልጊዜ ሌላውን የካርቦን ቅንጣት ይስባል። ቫን ደር ቫልስ የምንለው መሳሳብ በየትኛውም ቁስ መካከል አለ። በካርቦን ገጾች መካከል ግን በርታ ይላል፤ ገጹ ውሃ የማይወድ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ "ለምን ጓጎለ?" ብለን ከምንነሳ "ሦስት ወር ሙሉ ሳይጓጉል ያቆየው ምንድን ነው?" ብለን ብንነሳ ይሻላል። መጓጎል ነባሪው ዝንባሌ ነው። ተበትኖ መቆየት ነው ምክንያት የሚፈልገው።

የእርስዎን ግራፊን ኦክሳይድ ያቆየው ቻርጁ ነው። ቅጠሎቹ ጠርዝ ላይ ካርቦክሲል የሚባሉ ኦክስጅን ያላቸው ቡድኖች አሉ። በገለልተኛ ፒኤች እነዚህ ቡድኖች ፕሮቶናቸውን ጥለው ኔጋቲቭ ይሆናሉ። በየቅንጣቱ ዙሪያ ደግሞ ከውሃው የመጡ ፖዘቲቭ አዮኖች እንደ ደመና ይሰበሰባሉ። ሁለት ቅንጣቶች ሲቀራረቡ መጀመሪያ የሚነካካው ደመናቸው ነው፤ እዚያው ይገፋፋሉ። በሰው መሀል ጃንጥላ ዘርግቶ እንደመሄድ ነው። ገላ ለገላ ሳትነካኩ ጃንጥላው አስቀድሞ ያራርቃችኋል።

ጨው የሚያደርገው ጃንጥላውን ማጥበብ ነው። የደመናው ውፍረት ደባይ ርዝመት ይባላል፤ ለገበታ ጨው በቀላል ስሌት ይገኛል። 0.304ን ለጨው መጠኑ፣ በሞላር (ሞል በሊትር)፣ ካሬ ሥር ያካፍሉ፤ መልሱ በናኖሜትር ይወጣል። በ1 ሚሊሞላር 10 ናኖሜትር ገደማ ነው። በ100 ሚሊሞላር ወደ 1 ናኖሜትር ይወርዳል። ጃንጥላው እዚህ ድረስ ሲጠብ መሳሳቡ ያሸንፋል። በመሳሳብና በመገፋፋት መካከል ያለውን ይህን ትግል ደርያጊንና ላንዳው በ1941፣ ፈርዌይና ኦቨርቤክ በ1948 በስሌት አስቀመጡት። በአራቱ ስም መነሻ ፊደላት ዲኤልቪኦ እያልን እስከ ዛሬ እንሠራበታለን።

አሁን የእርስዎን ቁጥሮች እናስገባ። 500 ማይክሮሲመንስ የሚሰጥ የገበታ ጨው 4 ሚሊሞላር አካባቢ ነው። ደባይ ርዝመቱ 4.8 ናኖሜትር ይሆናል። የቧንቧው ውሃ ካልሲየም 60 ሚሊግራም ለ40 ሲካፈል 1.5 ሚሊሞላር ነው። ማግኒዥየሙ 15 ለ24.3 ሲካፈል 0.6 ሚሊሞላር ይሆናል። ከእነሱ ጋር የሚኖሩትን ባይካርቦኔትና ሌሎች አዮኖች ሲደምሩ አዮኒክ ስትሬንግዙ፣ ማለትም እንደየቻርጃቸው ተመዝኖ የተደመረው የአዮን መጠን፣ ወደ 7 ሚሊሞላር ይጠጋል። ደባይ ርዝመቱ 3.6 ናኖሜትር ገደማ ነው ማለት ነው።

እዚህ ጋ ቆም ይበሉ። 4.8 እና 3.6። ልዩነቱ ይህችው ናት። አንዱ ውሃ ወራት የሚያቆይ፣ ሌላው ሰዓት የማያስሞላ የሚሆነው ጃንጥላው በዚህች ስለጠበበ ሊሆን አይችልም። ካልሲየም ጃንጥላ ከማጥበብ ያለፈ ሥራ እየሠራ ነው።

ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው አጠቃላይ ሕግ ነው። ሹልዝ በ1882፣ ሃርዲ በ1900 እንዳሳዩት፣ የአዮኑ ቻርጅ ከፍ ሲል ለማጓጎል የሚበቃው መጠን በጣም ይወርዳል። ገጹ ኃይለኛ ቻርጅ ካለው የዲኤልቪኦ ስሌት በቻርጁ ስድስተኛ ኃይል ይወርዳል ይላል። ስለዚህ ባለ ሁለት ቻርጁ አዮን ከባለ አንዱ 64 እጥፍ ይበረታል። ባለ ሦስት ቻርጁ አሉሚኒየም ወይም ብረት ደግሞ 729 እጥፍ ይሆናል። የውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች አሉሚኒየም ሰልፌት የሚጨምሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅንጣቶቹ እንዲጓጉሉላቸው ነው የሚፈልጉት።

ሁለተኛው ሥራ ግን ለእኔ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ሶዲየም በደመናው ውስጥ ይንሳፈፋል እንጂ አይጣበቅም። ካልሲየም ካርቦክሲሉ ላይ ራሱ ይቀመጣል። ሲቀመጥ ኔጋቲቭ ቻርጁን ያጠፋል። አልፎ ተርፎ አንድ እጁን ለአንዱ ቅጠል ጠርዝ፣ ሌላውን ለሁለተኛው ሰጥቶ ያያይዛቸዋል። ጃንጥላውን ቀምቶ ሁለቱን ሰዎች እጅ ለእጅ አስሮ እንደመሄድ ነው። ማግኒዥየምም ባለ ሁለት ቻርጅ ነው። ነገር ግን በዙሪያው ያሉትን ስድስት የውሃ ሞለኪውሎች አጥብቆ ስለሚይዝ ካርቦክሲሉን በቀጥታ ለመንካት ይዘገያል።

ለእያንዳንዱ ቅንጣትና ለእያንዳንዱ ጨው መጓጎሉ ሙሉ ፍጥነቱን የሚይዝበት ወሰን አለ። ከወሰኑ በላይ ጨው ቢጨመርም ፍጥነቱ አይጨምርም፤ ቅንጣቶቹ በተጋጩ ቁጥር ይጣበቃሉና። በታተሙ ልኬቶች ለግራፊን ኦክሳይድ ወሰኑ በገበታ ጨው 44 ሚሊሞላር ነው። በማግኒዥየም ክሎራይድ 1.3፣ በካልሲየም ክሎራይድ 0.9 ሚሊሞላር ብቻ ነው። ከእርስዎ ጋር ያስተያዩት። የገበታ ጨውዎ 4 ነበር፤ ከ44 አንድ አስረኛ አይሞላም። የቧንቧዎ ካልሲየም 1.5 ነው፤ 0.9ን አልፎ ሄዷል። ማግኒዥየሙ ገና ሳይቆጠር ነው ይህ። ሁለቱም ያዩት ነገር መሆን ያለበት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ለሌላ ካርቦን እንዳይወስዷቸው ግን አደራ። ሲ60 ለሚባለው የኳስ ቅርጽ ፉለሪን ወሰኑ በገበታ ጨው 120፣ በካልሲየም 4.8 ሚሊሞላር ተለክቷል። ባለ ብዙ ግድግዳ ናኖቲዩብ፣ ማለትም የካርቦን ቱቦ፣ ደግሞ በገበታ ጨው 25፣ በካልሲየም 2.6 አሳይቷል። ጥምርታዎቹን ይመልከቱ። ለግራፊን ኦክሳይድ 49፣ ለሲ60 25፣ ለናኖቲዩቡ 10 አይሞላም። ሁሉም ካርቦን ነው፤ 64 የሚለውን ሕግ ልክ የሚያከብር ግን የለም። የገጹ ኬሚስትሪ፣ ማለትም ስንት ካርቦክሲል እንዳለና የት እንዳለ፣ ቁጥሩን ይቀይረዋል። ያው ናኖቲዩብ እንኳ በአሲድ ከታጠበ በኋላና ከመታጠቡ በፊት አንድ አይነት አይደለም። "ይህ ቅንጣት የተረጋጋ ነው" የሚል አባባል የማልወደው ለዚህ ነው። የሚረጋጋው ቅንጣቱ ከአንድ ውሃ ጋር፣ ለተወሰነ ጊዜ ነው።

ካልሲየም ነው ያልኩዎትን እንዲሁ አይመኑኝ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ሁለት ሙከራ ይበቃል።

የመጀመሪያው ካልሲየሙን ወደ ንጹህ ውሃ ማምጣት ነው። ሁለት የውሃ ሞለኪውል የያዘውን ካልሲየም ክሎራይድ (ዳይሃይድሬት) 0.22 ግራም በአንድ ሊትር ቢያሟሙ 1.5 ሚሊሞላር ያገኛሉ። ኮንዳክቲቪቲው 400 ማይክሮሲመንስ አካባቢ ይሆናል። ከገበታ ጨው ውሃዎ ያነሰ ነው ማለት ነው። ቢሆንም ይጓጉላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የተሰባሰበ የካልሲየም ጠብታ በቅንጣቱ ላይ አያንጠባጥቡ። ጠብታው ባረፈበት ቦታ መጠኑ ለቅጽበት በጣም ከፍ ይልና እዚያው ያጓጉላል፤ በኋላ ቢቀጥንም አይፈታም። ካልሲየሙንም ቅንጣቱንም በእጥፍ መጠን ያዘጋጁና እኩል በእኩል ይቀላቅሏቸው።

ብልቃጡን ከኋላው መብራት አድርገው ይመልከቱ። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ቆይቶ ጥርት ያለው ቀለም ዳመን ይላል። ቀስ አድርገው ሲያዘነብሉት እንደ ቀጫጭን የሐር ክሮች ያለ ነገር ይታያል። ከዚያ ክሮቹ ተሰባስበው ልል ብናኝ ይሆናሉ። ከላይ ያለው ውሃ ይገረጣል፤ ታች ቡናማ ደመና ይተኛል። ይህ ዝቃጭ እንደ አሸዋ አይደለም። ያበጠና ውሃ የያዘ ነው፤ ብልቃጡን ነካ ሲያደርጉት ተነስቶ ይንሳፈፋል። ቅጠሎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ተያይዘው መሀላቸው ውሃ ስለቀረ ነው እንዲህ የሚሆነው።

ሁለተኛው ሙከራ ይበልጥ ያሳምናል። ከቧንቧው ውሃ ካልሲየሙን ሳያወጡ እጁን ማሰር ነው። ኢዲቲኤ የሚባለው ውህድ ካልሲየምንም ማግኒዥየምንም አንድ ለአንድ ይይዛል። የእርስዎ ውሃ ድምሩ 2.1 ሚሊሞላር ነው፤ 2.5 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ይበቃዋል። ሲይዝ ፕሮቶን ስለሚለቅ ፒኤቹ ይወርዳል፤ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 8 ይመልሱት። ግራፊን ኦክሳይዱን የሚጨምሩት ከዚህ በኋላ ነው። አሁን ውሃው ከበፊቱ የበለጠ አዮን አለው። ኮንዳክቲቪቲውም ከ500 ያልፋል። ሶዲየሙ በ10 ሚሊሞላር ገደማ ቢጨምርም 44 አጠገብ አይደርስም። ተበትኖ ከቆየ ነገሩ አለቀ፤ የአዮን ብዛት ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው።

ስለ ፒኤች ጠይቀው ነበር። በእርስዎ ሁኔታ ተጠያቂ አይደለም። ካርቦክሲሎች ፕሮቶናቸውን የሚጥሉት በአብዛኛው ከ4 እስከ 5 ባለው ፒኤች አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ከወረዱ ቻርጁ ይጠፋና ያለ ምንም ጨው ሊጓጉል ይችላል። በ6.5 እና በ7.2 ግን ካርቦክሲሎቹ አብዛኛዎቹ ቻርጅ ላይ ናቸው። በሌላኛው ጫፍ የሚፈራው ነገር ሌላ ነው። ካልሲየምና ባይካርቦኔት የበዛበትን ውሃ ፒኤች ብዙ ከፍ ካደረጉ ካልሲየም ካርቦኔት ነጭ ሆኖ ይወጣና ቅንጣቶቹን ይዞ ይዘቅጣል። ውሃ ማፍያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ማለት ነው።

"ሰዓት ሳይሞላ" ስላሉትም አንድ ነገር ልበል። ፍጥነቱ በቅንጣቱ ብዛት ይወሰናል። በተጋጩ ቁጥር የሚጣበቁ ክብ ቅንጣቶችን እናስብ፤ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ። በሚሊሊትር 10 ቢሊዮን ካሉ የቅንጣቱ ቁጥር ግማሽ የሚሆነው በ16 ሴኮንድ ገደማ ነው። መቶ ጊዜ ቢያቀጥኑት፣ ማለትም በሚሊሊትር 100 ሚሊዮን ቢሆኑ፣ 27 ደቂቃ ይፈጃል። ቅጠል ቅርጽ ከኳስ ይለያል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። አቅጥነው "ይኸው ቆየ" የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያዩት መረጋጋት አይደለም፤ ዝግታ ነው። ሁለት ውሃ ሲያወዳድሩ የቅንጣቱ መጠንም የጠበቁበት ሰዓትም አንድ ይሁን።

ሶኒኬተር የማይረዳዎትም ለዚህ ነው። የተያያዘውን ይፈታል፤ ካልሲየሙን ግን የትም አይወስደውም። ሲያጠፉት መልሰው ይያያዛሉ። ረዥም ሰዓት ካስኬዱት ደግሞ ቅጠሎቹን ይሰባብራቸዋል፤ ያኔ የሚለኩት ሌላ ቁስ ሆኖ ያርፋል።

በቧንቧ ውሃ መሥራት የግድ ከሆነብዎ ቅንጣቱን ማልበስ አለብዎት። ከጥቀርሻ ቀለም የሚሠሩ የጥንት ግብፃውያን የዛፍ ሙጫ የሚጨምሩበት ይህንኑ ለማድረግ ነበር። ሙጫው ጥቀርሻው ላይ ተጠቅልሎ ቅንጣቶቹ ገጽ ለገጽ እንዳይነካኩ ይከለክላል። ይህ መከላከያ ከቻርጅ ይልቅ በውፍረት ስለሚሠራ ጨው እንደ ልቡ አያፈርሰውም። ዛሬ ፖሊቪኒልፒሮሊዶን የሚባለውን ፖሊመር ወይም ቻርጅ የሌለው ሰርፋክታንት (እንደ ሳሙና የሚሠራ ውህድ) መጠቀም ይቻላል። ኤስዲኤስ የሚባለውን ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው ሰርፋክታንት ግን ካልሲየም ባለበት ውሃ አይሞክሩት። በክፍል ሙቀት ከካልሲየም ጋር ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ ሳሙና እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ አረፋ እንደሚያጣው ነው። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በንጹህ ውሃ ያልብሱት፣ ከዚያ ወደ ቧንቧው ውሃ ይውሰዱት።

ተፈጥሮም ይህን ታደርገዋለች። ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር የሚመጣው ሂዩሚክ አሲድ በወንዝ ውሃ ውስጥ አለ። የካርቦን ቅንጣቶችን ያለብሳቸዋል። በ2007 በታተመ ጥናት ባለ ብዙ ግድግዳ ናኖቲዩቦች አሜሪካ ውስጥ ከሚገኘው የሱዋኒ ወንዝ በተወሰደ ውሃ ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ተበትነው ቆይተዋል። ያለ ሰርፋክታንት ንጹህ ውሃ ውስጥ ቶሎ የሚዘቅጡ ናቸው እነዚህ። ይህን ውጤት ሳነብ ነው "ንጹህ ውሃ" ከሚለው ቃል ጋር ያለኝ ግንኙነት የተለወጠው። ለናኖቅንጣት ንጹህ ማለት ምቹ ማለት አይደለም። ሆኖም ሂዩሚክ አሲድ ራሱ ካርቦክሲል የሞላበት ነው። ካልሲየሙ በጣም ከበዛ በተለበሱት ቅንጣቶች መካከል ድልድይ ይሠራና መጓጎሉን ያፋጥነዋል። በሲ60 ላይ ይህ በግልጽ ታይቷል፤ ያው ሂዩሚክ አሲድ በትንሽ ካልሲየም ጠባቂ፣ በብዙ ካልሲየም አጣባቂ ሆኗል።

ወንዙ ባሕር ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። የባሕር ውሃ ሶዲየም 470፣ ማግኒዥየም 53፣ ካልሲየም 10 ሚሊሞላር ያህል አለው። ከላይ የጠቀስኳቸውን ወሰኖች ሁሉ በአንዴ ያልፋል። ወንዝ ውስጥ ሩቅ የተጓዘ ቅንጣት፣ በደንብ ካልተለበሰ፣ ወንዙና ባሕሩ በሚገናኙበት ቦታ ጓጉሎ መዝቀጥ ይጀምራል።

ብርሃንንም ያስቡበት። ሲ60 ፀሐይ ሲመታው ላይ ላዩ ኦክስጅን ይይዝና የበለጠ የተረጋጋ ይሆናል። ግራፊን ኦክሳይድ ግን በብርሃን ኦክስጅኑን ያጣል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፤ ለመጓጎልም ይቀርባል። ብልቃጥዎን ጨለማ ውስጥ ያስቀምጡ።

በመጨረሻ ስለ ልኬት። ዜታ ፖቴንሻል፣ ማለትም የቅንጣቱን የገጽ ቻርጅ የሚያመለክተውን ቮልቴጅ፣ ሲለኩ ኔጋቲቭ 30 ሚሊቮልት እንደ መረጋጊያ መስመር ይያዛል። መልካም ነው፣ ግን በየትኛው ውሃ ለኩት? በንጹህ ውሃ ተለክቶ "በቧንቧ ውሃ ይቆያል" የሚል መደምደሚያ አይሠራም። በሚጠቀሙበት ውሃ ውስጥ ይለኩት። በብርሃን መበተን መጠን የሚለካው ዲኤልኤስም ቅንጣቱን ኳስ አድርጎ ስለሚያስብ ለቅጠል የሚሰጠውን ቁጥር እንደ እውነተኛ ስፋት አይውሰዱት። በጊዜ ውስጥ ቁጥሩ ሲያድግ ወይም ሳያድግ ማየት ግን ይረዳል።

ስለ ፒኤች መለኪያም አንድ ነገር ልንገርዎ፤ እኔን ሳምንታት አስወጥቶኛል። በጀማሪነቴ አንድ ናሙና አንዳንድ ቀን ይጓጉላል፣ አንዳንድ ቀን አይጓጉልም ነበር። ውሃውን ቀየርኩ፣ ብርጭቆውን ቀየርኩ፣ አዲስ ቅንጣት አዘጋጀሁ። ሁሉንም ማስታወሻዎቼን ከፊቴ ዘርግቼ ሳይ ነው የገባኝ። የሚጓጉለው ፒኤች የለካሁበት ቀን ነበር። ኤሌክትሮዱ ውስጥ 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ አለ፤ በሚለካበት ጊዜ በጫፉ ቀስ እያለ ይወጣል። ናሙናዬ 5 ሚሊሊትር ብቻ ነበር፤ ኤሌክትሮዱን ውስጡ ትቼ ሌላ ሥራ እሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፒኤች የምለካው ለይቼ በቀዳሁት ናሙና ነው፤ ለክቼ እደፋዋለሁ። እርስዎም የኢዲቲኤውን ሙከራ ሲሠሩ ፒኤቹን ቅንጣቱ ከመግባቱ በፊት ያስተካክሉ። ብልቃጦቹንም መጨረሻ ላይ የሚያለቀልቋቸው በንጹህ ውሃ ይሁን። በቧንቧ ውሃ ታጥቦ የደረቀ ብልቃጥ ግድግዳው ላይ ካልሲየም ይዞ ይቀራል።